ልጅዎ ያየውን እንስሳ እንዴት አድርጎ ይጻፍ?

በካፋ ዞን በቦንጋ ከተማ አቅራቢያ የምትገኘውን ማንኪራን ብዙዎቻችን የምናውቃት በቡናዋ ነው። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና ዛሬም ይለቀምባታል፤ የአካባቢው ሰዎችም የቡና መገኛ እርሷ መሆኗን በኩራት ይናገራሉ። ከዚያው ደን ውስጥ፣ ከቡናው በላይ በዛፎቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ካባ የደረበ የሚመስል እንስሳ ይኖራል። ይኸውም ጉሬዛ ነው። በዚያ አገር የሚያድግ ልጅ ጉሬዛን ለማየት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። እንጨት ሲለቅም ወይም ውኃ ሲቀዳ ቀና ካለ ያየዋል፤ ጎሕ ሲቀድም ከመኝታው ሳይነሣ ድምፁን ይሰማል።

እንግዲህ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የማንኪራ ልጅ «ስለምታውቁት አንድ የዱር እንስሳ ጽፋችሁ ኑ» ተብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች እንበል። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ የእርሳሷን ጫፍ ስትነክስ ከቆየች በኋላ የሚከተለውን ትጽፋለች።

«ጉሬዛ የዱር እንስሳ ነው። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ነው። ቅጠል ይበላሉ። ጅራቷ ረጅም ነው። ጉሬዛ ቆንጆ እንስሳ ነው። ጉሬዛ ዛፍ ላይ ይኖራል። አንድ ቀን ጉሬዛ አየሁ። ጉሬዛ ይጮኻል። ጉሬዛን እወዳለሁ።»

ከዚያም ደብተሯን ዘግታ «ጨረስኩ፣ እማዬ!» ትላለች። እናት ከምድጃው ሥር ሆና «ጎበዝ፣ ልጄ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ምን ታድርግ? እርሷ ፊደል አልቆጠረችም። «እኔ ያልተማርኩት ለልጄ ትምህርት ምን እረዳታለሁ?» የሚለው ሐሳብ በብዙ እናቶች ልብ ውስጥ ተቀምጦ የሚኖር ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ሐሳብ ትክክል አለመሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ልጆች ስለ አንድ እንስሳ የተያያዘና እውነተኛ ገለጻ እንዲጽፉ ለማስተማር የሚያስፈልገው ዋናው ነገር መጠየቅና ማዳመጥ ነው። ይህን ደግሞ የተማረችም ሆነ ያልተማረች እናት፣ አባትም ሆነ አያት ማድረግ ይችላሉ።

ከጽሑፉ የጎደለው ምንድን ነው?

ከላይ ያነበብነው የልጅቷ ጽሑፍ ብዙ ሐሰት የለበትም። ጉሬዛ በእርግጥ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቅጠል ይበላል፤ ዛፍ ላይ ይኖራል፤ ይጮኻልም። ጉድለቱ ሌላ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ክሩ እንደ ተበጠሰ ጨሌ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተበትነዋል። የላይኛውን ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ ብናደርገው የሚለወጥ ነገር የለም።

ቀረብ ብለን ስንመረምረው አራት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛ፣ በዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ጉሬዛ» የሚለው ስም ሰባት ጊዜ ተደጋግሟል። ሁለተኛ፣ እንስሳው አንድ ጊዜ ወንድ ሆኖ «ይኖራል»፣ አንድ ጊዜ ሴት ሆኖ «ጅራቷ»፣ ሌላ ጊዜ ብዙ ሆኖ «ይበላሉ» ተብሏል። ስለዚህ አንባቢው ስለ ስንት እንስሳ እንደሚነገረው ግራ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ «ቆንጆ ነው» እና «እወዳለሁ» የሚሉት ስለ ጉሬዛ ሳይሆን ስለ ልጅቷ ስሜት የሚናገሩ ናቸው። አራተኛ፣ «አንድ ቀን ጉሬዛ አየሁ» ሲል ትረካ ይጀምርና ወዲያው ይተወዋል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳዝነው ሳይጻፍ የቀረው ነው። ይህችው ልጅ ጉሬዛ ጠዋት የት እንደሚጮኽ፣ የትኛውን ዛፍ እንደሚወድ፣ ግልገሉ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ለጓደኞቿ ስትነግር አፏ አይያዝም። እርሳስ ስትይዝ ግን ያ ሁሉ እውቀት ይጠፋል። መምህሯም ደብተሯን ሲያርም የሚያገኘው ዘጠኙን ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለሆነ የምታውቀው ይኸው ነው ብሎ ይፈርዳል።

ተረት ሌላ፣ ገለጻ ሌላ

ልጆቻችን ስለ እንስሳት መጀመሪያ የሚሰሙት በተረት ነው። በተረት ጦጣ ብልጥ ናት፤ ጅብ ሆዳምና ሞኝ ነው፤ አንበሳ ንጉሥ ነው። ፊሳልጎስ የተባለው ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ጥንታዊ መጽሐፍም እንስሳትን እያነሣ ከጠባያቸው ሃይማኖታዊ ትምህርት ያወጣል። ይህ ሁሉ የራሱ ጥቅም ያለው የቆየ ሀብታችን ነው። ሆኖም የገለጻ ጽሑፍ ሥራው የተለየ ነው። እንስሳው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚመስልና እንዴት እንደሚኖር ያየነውንና ያረጋገጥነውን ብቻ ይናገራል።

ልዩነቱን ለልጅ ለማስረዳት የማንኪራ ወላጆች ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲቦርቁ ስላየው እረኛ፣ ስለ ካልዲ፣ ያልሰማ የለም። ይህ ታሪክ በአውሮፓ ታትሞ የወጣው በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በታተመው በፋውስቶስ ናይሮን መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ግን የእረኛው ስም የለም፤ ቦታውም የመን ነው። ካልዲ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተረት እንዲህ እየተቀባበለ፣ እየተጨመረበትም ይሄዳል። እንግዲያው ልጁን «ፍየሏ ቡና በልታ ጨፈረች የሚለው ተረት ነው። አንተ ግን ፍየል ምን ስትበላ አይተሃል?» ብለን ብንጠይቀው የሚሰጠን መልስ የገለጻ መጀመሪያ ይሆናል።

በአምስት ጣት አምስት ጥያቄ

አሁን ወደ ዘዴው እንምጣ። ልጁ እርሳስ ከማንሣቱ በፊት በቃል ይናገር። እናት ቡና እየቆላች ወይም እንሰት እየፋቀች የልጇን እጅ ይዛ በእያንዳንዱ ጣት ላይ አንድ ጥያቄ ትጠይቀው።

በአውራ ጣት፣ «ምን ዓይነት እንስሳ ነው? የትስ ይኖራል?» በሌባ ጣት፣ «ምን ይመስላል?» በመሐል ጣት፣ «ምን ይበላል? እንዴትስ ያገኘዋል?» በቀለበት ጣት፣ «ልጁን እንዴት ያሳድጋል?» በትንሿ ጣት፣ «ምን ዓይነት ጠባይ አለው? ከሰውስ ጋር እንዴት ነው?»

እያንዳንዱ ጣት ኋላ አንድ አንቀጽ ይሆናል። ስለ ምግቡ ሲጠየቅ ስለ ጅራቱ መናገር የጀመረ ልጅ «ቆይ፣ እርሱ የሌባ ጣት ነው» ቢባል ይገባዋል። ሐሳብን በየወገኑ ማስቀመጥ ማለት ይኸው ነው። በነገራችን ላይ ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም፤ በእጁ የሚሠራባቸው ጣቶች አራት ናቸው። ኮሎቡስ የሚለው የወገኑ የሳይንስ ስምም «ጎዶሎ» ወይም «የተቆረጠ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ልጁ አምስት ጣቶቹን ሲቆጥር ይህን ቢነግሩት አይረሳውም።

በቤት ውስጥ የሚነገረው ካፊ ኖኖ ከሆነ ጥያቄውም መልሱም በካፊ ኖኖ ይሁን። ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ አስተካክሎ የተናገረውን ነገር ኋላ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ለመጻፍ ይቀለዋል። ቅደም ተከተሉ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር አይጠፋምና። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ የካፋና የሞቻ ቋንቋ ከእነዚያ አንዱ ነበር። በዚያን ጊዜ ንባብ በግዕዝ ፊደል የተማሩ ሴቶች ዛሬ አያት ሆነዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ካፊ ኖኖን በላቲን ፊደል ይማራሉ። ፊደሉ ቢለያይም አያት «ከዚያስ? ለምን?» ብላ ለመጠየቅ የሚያግዳት ነገር የለም።

ያየሁት፣ የሰማሁት፣ ያነበብኩት

ልጁ ከተናገረ በኋላ ሁለተኛው ሥራ ማበጠር ነው። ለእያንዳንዱ ነገር «ይህን በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱም ከሦስት አንዱ ይሆናል፤ አይቼ፣ ሰምቼ፣ አንብቤ።

ለምሳሌ ያህል፣ «ጉሬዛ ከዛፍ ወርዶ አያውቅም» ሲባል የሰማ ልጅ እንዳለ ይጽፈዋል። እውነቱ ግን ጉሬዛ ብዙውን ጊዜ በዛፍ ላይ ቢኖርም አልፎ አልፎ ወደ መሬት የሚወርድ መሆኑ ነው። ስለዚህ «አያውቅም» በሚለው ፈንታ «አብዛኛውን ጊዜ» የሚለውን ቃል ማስተማር ይገባል። «ሁልጊዜ»፣ «አንዳንድ ጊዜ»፣ «ጥቂቶቹ» የሚሉትን ቃላት ለይቶ መጠቀም ልጅን እውነተኛ ያደርገዋል።

ያየውን ደግሞ ቢያስገርምም እንዳይተወው እናደፋፍረው። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ መላ ሰውነቱ ነጭ ነው። ይህን ያየ ልጅ «በመጽሐፉ ላይ ጥቁርና ነጭ ነው ስለሚል ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ ሊተወው ይችላል። አልተሳሳተም። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ጠጉሩ ተለውጦ ወላጆቹን ይመስላል። ግልገሉን የምትይዘው እናቱ ብቻ አለመሆኗም እንዲሁ ነው፤ የመንጋው ሌሎች ሴቶች እየተቀባበሉ ያቅፉታል። ማሳ እየሠሩ የጎረቤት ሕፃን ለሚይዙ እናቶች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የጉሬዛ ስም ራሱ ጠይቆ የመመዝገብ ፍሬ ነው። በ1835 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል፣ በአገራችን ተዘዋውሮ ከተመለሰ በኋላ እንስሳውን ለሳይንስ ዓለም ሲያስተዋውቅ ኮሎቡስ ጉሬዛ ብሎ ጻፈው። የአገሩ ሰው የሚጠራበትን ቃል እንዳለ ወሰደው ማለት ነው። ዛሬ በየትኛውም አገር ያለ ተመራማሪ ይህን እንስሳ የሚጠራው እናቶቻችን በሚጠሩበት ስም ነው።

ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር ማያያዝ

ሦስተኛው ሥራ መጻፍና ማያያዝ ነው። አማርኛችን ለዚህ የተመቸ ነው። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ ስሙን በየዓረፍተ ነገሩ መድገም አያስፈልግም። «ጉሬዛ በዛፍ ላይ ይኖራል» ካልን በኋላ «ቅጠል ይበላል» ብንል ማን እንደሚበላ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ልጁ በመጀመሪያ በመረጠው ጾታና ቁጥር ሲጸና ነው። «ይኖራል» ብሎ ከጀመረ እስከ መጨረሻው «ይበላል»፣ «ጅራቱ»፣ «ግልገሉ» ማለት አለበት።

ምክንያትና ውጤት ያላቸውን ነገሮች ደግሞ በ«ስለ» ወይም በ«በመሆኑም» ማጋባት ነው። የጉሬዛ ጨጓራ እንደ ላም ጨጓራ በክፍል በክፍል የተከፈለ ሲሆን ቅጠሉን ቀስ እያለ ያብላላዋል። ልጁ «ቅጠል ይበላል። ተቀምጦ ይውላል» ብሎ ሁለቱን ለየብቻ ከጻፈ እናት «ለምን ተቀምጦ ይውላል?» ብላ ትጠይቀው። መልሱ ራሱ ማያያዣውን ይዞት ይመጣል። የሚቃረኑትን በ«ግን» ወይም በ«ይሁን እንጂ»፣ የሚደመሩትን በ«በተጨማሪም»፣ ቀደም ሲል የተነሣውን «ይህ» በሚለው ቃል ማያያዝም እንዲሁ በጥያቄ ይለመዳል። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ማያያዣ ቃላትን አስጠንቶ በየመስመሩ እንዲበትናቸው ማድረግ ነው። ምክንያት በሌለበት የገባ «ስለዚህ» ካልገባው ይብሳል።

በዚህ ዓይነት ከእናቷ ጋር የተነጋገረችው ልጅ በሁለተኛው ቀን የሚከተለውን ልትጽፍ ትችላለች።

«ጉሬዛ በዛፍ ላይ የሚኖር የጦጣና የዝንጀሮ ዘመድ ነው። በመንደራችን አጠገብ ባለው ደን ውስጥ በመንጋ ሆኖ ይኖራል።

ሰውነቱ ጥቁር ሆኖ በፊቱ ዙሪያ፣ በጎኑና በጅራቱ ጫፍ ላይ ነጭ ጠጉር አለው። የጎኑ ጠጉር ረጅም ስለሆነ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል እንደ ነጠላ ይዘረጋል። በእጁ ላይ አውራ ጣት የለውም። ይሁን እንጂ ቅርንጫፍ ለመያዝ አይቸገርም።

ዋናው ምግቡ ቅጠል ነው፤ በተጨማሪም ፍሬ ይበላል። ቅጠል በሆድ ውስጥ ለመብላላት ብዙ ጊዜ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቀን ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ይውላል።

ግልገሉ ሲወለድ መላ ሰውነቱ ነጭ ነው። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን እየጠቆረ ሄዶ ወላጆቹን ይመስላል። እናቱ ብቻ ሳትሆን የመንጋው ሌሎች ሴቶችም ያቅፉታል።

ወንዱ ጉሬዛ ጎሕ ሲቀድ በኃይል ይጮኻል። ይህን ድምፅ ሰምተን መንጋው የት እንዳደረ እናውቃለን። እናቴ እንደነገረችኝ ቀድሞ ሰዎች ለቆዳው ሲሉ ያድኑት ነበር።»

ልዩነቱን ልብ ይሏል። «ጉሬዛ» የሚለው ስም የተጠራው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። «እወዳለሁ» የሚል ቃል የለም፤ ነገር ግን ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ልጅቷ እንስሳውን በፍቅር እንደተመለከተችው ያውቃል። ራሷ ያላየችውን ነገርም «እናቴ እንደነገረችኝ» ብላ ለባለቤቱ ሰጥታለች።

እናት የመጀመሪያዋ አድማጭ

ጽሑፉ ሲያልቅ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። ማንበብ የማትችል እናት በዚህ ጊዜ ከማንም የበለጠ ትጠቅማለች። ዓይኗ በፊደል ስሕተት አይያዝም፤ የምትሰማው ሐሳቡን ብቻ ነው። ያልገባት ቦታ ላይ «ማነው እርሱ?» ወይም «ከየት መጣ ይኼ?» ብላ ታቁመው። ያቆመችበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ የተበጠሰበት ነው።

ማንበብ የሚችሉ ወላጆች ደግሞ ከሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው ለልጁ መጻፍ ነው። አባት የጻፈውን ልጁ ገልብጦ ቢወስድ ውጤት ያገኝ ይሆናል፤ ችሎታ ግን አያገኝም። ሁለተኛው ሁሉንም ስሕተት በአንድ ቀን ማረም ነው። ገጹ በሙሉ የተሰረዘበት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ስሕተቱ እንዲያንስ ብሎ ጥቂት ይጽፋል። ዛሬ ቅደም ተከተሉን፣ ነገ ማያያዣውን፣ ከነገ ወዲያ የፊደል አጣጣሉን ማየት ይበጃል።

ሌላም ሳይነሣ ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ አለ፤ ጊዜ ነው። በብዙ ቤት ወንዱ ልጅ ደብተሩን ሲዘረጋ ሴቷ ልጅ እንስራ ወይም ምጣድ ላይ ናት። የቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ጊዜዋ ይበልጥ ይጠባል። እርሷ ግን ወደ ደንና ወደ ወንዝ ስለምትመላለስ የምታየው ከወንድሟ አያንስም፤ ምናልባትም ይበልጣል። ይህን ያየችውን ለመጻፍ በቀን ግማሽ ሰዓት ቢተውላት፣ ሥራውንም ወንድሟ ቢካፈላት፣ ድካሟ ራሱ የጽሑፏ ምንጭ ይሆናል።

ጥቅሙ ከደብተር ባሻገር

«ስለ ጉሬዛ ቢጽፍ ባይጽፍ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። አንድ ነገር እናስብ። ሕፃን ታሞ ወደ ጤና ኬላ ሲወሰድ የጤና ሠራተኛዋ የምትጠይቀው ምንድን ነው? ሕመሙ መቼ ጀመረ? ትኩሳት አለው? ምን በላ? አስመለሰው? ተቅማጡ ስንት ጊዜ ነው? ያየውንና የገመተውን ለይቶ፣ የቀደመውን አስቀድሞ፣ የኋለኛውን አስከትሎ መናገር የሚችል ሰው ሕፃኑ ፈጥኖ እንዲረዳ ያደርጋል። ሰብሉን ተባይ የበላበት ገበሬም ሆነ ለቀበሌ አቤቱታ የምታቀርብ ሴት የሚያስፈልጋቸው ይኸው ችሎታ ነው። ይህ ችሎታ በልጅነት፣ ልጁ በሚወደው ነገር ላይ ቢለመድ ይቀላል።

ደኑም ምስክር ይፈልጋል። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ደኑን ዕለት ዕለት የሚያዩት በውስጡ የሚኖሩት ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። አንድ ልጅ ዘንድሮ «መንጋው ከወንዙ ማዶ ባለው ዛፍ ላይ ያድራል፤ ስድስት ናቸው» ብሎ ቀኑን ጠቅሶ ቢጽፍና ደብተሩ ቢቀመጥ፣ ከዓመታት በኋላ ታናሽ እኅቱ ያንኑ ቦታ አይታ መብዛታቸውን ወይም ማነሳቸውን ማወቅ ትችላለች።

እንግዲህ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ የልጅዎን እጅ ይያዙና ከአውራ ጣቱ ይጀምሩ። በደን አጠገብ ለማይኖሩ ጉሬዛ ባይኖር ድመት፣ ዶሮ ወይም የጎረቤት በግ አለ። ለመጀመሪያው ቀን አንድ ጣትና አንድ አንቀጽ ይበቃል። ልጅዎ ሲናገር ግን ሥራዎን ለአፍታ አቁመው ያዳምጡት።